የአውሮፕላናችን ቆዳ አሉሚኒየም መሆኑን ስለማስታወቅ

ለተከበሩ የበራሪ መሣሪያዎች ምዝገባ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? አንድን ወረቀት ከጠረጴዛ ቀኝ ወደ ጠረጴዛ ግራ ማሻገር ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ ደጅዎ ላይ ተቀምጬ በዓይኔ ስላየሁ፣ የሰው ወገብ ይህን እንዴት ይችለዋል እያልኩ ስጨነቅልዎ ከርሜአለሁ። ማኅተምዎም ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ብዙ ስለማይደክም ዕድሜው ረጅም ይሆናል። እኛም እንደ ወጉ "ደህና ነን" ብንል ደስ ባለን ነበር፤ ነገር ግን ለመሥሪያ ቤቱ የተሳሳተ መረጃ መስጠት እንደሚያስቀጣ የሚገልጽ ማስታወቂያ በርዎ ላይ ስላነበብኩ እውነቱን ልንገርዎ፤ ደህና አይደለንም።

ስለማያስታውሱኝ ራሴን ላስተዋውቅ። በሁለተኛው መስኮት በኩል "ያቺ ልብስ ሰፊ መጣች" የምባለው ሴት ነኝ። በሙያዬ ስለሚጠሩኝ ሠራተኞችዎን አመሰግናለሁ፤ ስሜን በየማመልከቻው ላይ መጻፌ ለካ ከንቱ ድካም ኖሯል። ባለቤቴ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሌላው ሰው በሰላም ወጥቶ እንዲወርድ ዕድሜውን የፈጀ፣ ለራሱ ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ የአብራሪነት ፈቃድ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው። አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ናቸው። አራተኛዋ የቤታችን ሰው አውሮፕላኗ ናት። ከፋብሪካ በሣጥን ተበታትና የመጣች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ባለቤቶቿ ቤታቸው ውስጥ ቁጭ ብለው የሚገጣጥሟት ዓይነት ነች። አካሏ ጋራዥ፣ ክንፏ ሳሎን፣ ጅራቷ አማቴ አልጋ ሥር ነው። አማቴም "እኔ ከልጄ ጋር ልኖር መጣሁ እንጂ ከፋብሪካ ጋር ልኖር አልመጣሁም" እያሉ፣ ግን ደግሞ አቧራዋን በየቀኑ እየጠረጉላት አብረዋት ይኖራሉ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ላሳጣዎ ብዬ እንዳይመስልዎ። በፖስታ አሽጌ ለላክኋቸው ሁሉ "ደብዳቤዎ ደርሶናል" የሚል አጭርና ጨዋ መልስ አግኝቻለሁ። ከደረሰ በኋላ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ስላጣሁ ግን፣ ምናልባት ሰው በየመንገዱ አንብቦት ለሠራተኞችዎ፣ ሠራተኞችዎም በሻይ ሰዓት ለእርስዎ ያወሩልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ችኮላዬም ያለ ምክንያት አልነበረም። ገና ሥራውን ስንጀምር ሐኪሙ የባለቤቴ ግራ ዓይን እየደከመ መሆኑን ነግሮት ነበር። ቀኙ ደህና ስለሆነ ለጊዜው ማብረር ይችላል፣ በሚቀጥለው ምርመራ ግን ፈቃዱ መታደሱን እንጃ ብሎታል። እኔም ደጅ ስጠናዎ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን የተመኛትን፣ በገዛ እጁ የገጣጠማትን አውሮፕላን፣ ዓይኑ ሳይከዳው በፊት አንድ ጊዜ ያብርራት። ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ የወረቀት ጉዳይ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ተራ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነብ ስለተነገረኝ፣ የወረቀቱን ጉዳይ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ለቋንቋችን ስላለዎት ተቆርቋሪነት።

የአውሮፕላን ክፍሎች መለያ ቅጽዎ ግርጌ "የእያንዳንዱ ዕቃ ስም ባዕድ ቃል ሳይቀላቀልበት ይሞላ፤ ባዕድ ቃል ያለበት ቅጽ ተመላሽ ይሆናል" የሚል መመሪያ አለ። ለቋንቋችን ስለሚቆረቆሩ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ይህንኑ ወረቀት "ፎርም" እያሉ የሚሰጡን የእርስዎው ሠራተኞች መሆናቸውን የማነሣው እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው። ባለቤቴ የዕቃዎቹን ስም የሚያውቀው ፋብሪካው በጻፈበት ቋንቋ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ አንድ አንድ እያነሣ ምን እንደሚሠራ ይነግረኛል፣ እኔ ደግሞ ስም አወጣለታለሁ። ደስ የሚል ሥራ ነበር፤ ልጅ እንደወለደ ሰው ስም ስንመርጥና ስንጥል እንውላለን።

ክንፍና ጅራትማ ድሮም ስማቸው ነው። ክንፉ ውስጥ ተርታውን ቆመው ቅርጹን የሚይዙለትን ቀጫጭን ላሜራዎች የጎድን አጥንት አልናቸው፤ ፋብሪካውም በቋንቋው የሚላቸው እንዲሁ ነው። ከላይ የሚለብሰው ስስ ላሜራ ቆዳ ተባለ። ክንፉን ከዳር እስከ ዳር የሚሸከመው ወፍራሙ አከርካሪ፣ ጎማው የሚታሰርበት እግር ሆነ። የጅራቱን መቅዘፊያ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰውን ጎበጥ ያለ ብረት ደግሞ ቀንድ አልነው፤ ቀንድ እንጂ ሌላ ምንም አይመስልም። "የዕቃው ሁኔታ" በሚለው ዓምድ ሥር፣ ቀለም ገና ስላልነካው፣ ከቆዳው ትይዩ "ጥሬ" ብዬ ጻፍኩ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ሁለተኛ፤ ስለ ንባብ ችሎታዎ።

መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ያለ አንድ ትጉህ ሰው ቅጹን ተቀበለና "ጥሬ ቆዳ፣ የጎድን አጥንት ከነአከርካሪው፣ እግር፣ ጅራት፣ ቀንድ" የሚለውን አነበበ። ርዕሱን ግን፣ ርዕስ ስለሆነ፣ አላነበበውም። ፋይሉንም እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ወዳለው የእንስሳት ተዋጽኦ ቁጥጥር ክፍል መራው። ቢያንስ "ክንፍ" የሚለው ቃል እንዴት አላጠራጠራችሁም ብዬ ኋላ ብጠይቅ፣ "ዶሮም አብሮ ያለ መስሎን ነው" ተባልኩ። ወይ ጉድ! መሥሪያ ቤቱ እኮ የሚመዘግበው የሚበር ነገር ነው፤ ክንፍ ያለበት ወረቀት ሲመጣ ዶሮ ትዝ የሚለው እንዴት ያለ ሰው ቢሆን ነው?

ከዚያ ክፍል የተላከልኝን መጠይቅ አሁንም አስቀምጬዋለሁ። እንስሳው የታረደበትን ቦታና ቀን፣ ከመታረዱም በፊት ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ታይቶበት እንደነበረ ይጠይቃል። እኔም እግሬ እስኪቀጥን እየተመላለስኩ፣ ይህ ነገር አልታረደም፣ ሊታረድም አይችልም፣ አውሮፕላን ነው ብዬ በቃልም በጽሑፍም አስረዳሁ። የሁለተኛው መስኮት እመቤት በትዕግሥት አዳመጡኝና "ካልታረደማ የክትባት ወረቀት ያስፈልገዋል" አሉኝ። እጅ ነሥቼ "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወጣሁ። በኋላ "ጉዳዩ በቦታው ተገኝቶ ይጣራል" የሚል ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ እኔ ሞኟ እሰይ አልኩ። መጥተው ካዩትማ ያልቅለታል ብዬ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ንጽሕናዎ።

መጡ። እኔ ሱቄ፣ ባለቤቴም ሥራው ላይ በነበርንበት ሰዓት፣ ነጭ ቱታ የለበሱና በጀርባቸው መርጫ ያዘሉ ሰዎች በራችንን አንኳኩ። የከፈቱላቸው አማቴ ናቸው። አማቴ ቤት ሲጸዳ ማየት ነፍሳቸው ነው፤ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው የሰው ቤት የሚያጥቡ ሰዎች ሲያዩ "መንግሥት ለካ እንዲህም ያደርጋል!" ብለው ውሃና ጨርቅ አቀረቡላቸው። ቡድኑም ቆዳ የተባለውን ሁሉ፣ አጥንት የተባለውን ሁሉ፣ በመመሪያው መሠረት፣ አልኮል ባለበት የተባይ መድኃኒት እየረጨ አንድ በአንድ ወለወለ።

እዚህ ላይ ምናልባት የማያውቁት ነገር አለ። ከሣጥን የሚወጣ እያንዳንዱ ዕቃ የፋብሪካው ቁጥር ያለበት ወረቀት ተለጥፎበት ነው የሚመጣው። ባለቤቴ ደግሞ፣ ወረቀቱ ወድቆ ቢጠፋስ ብሎ፣ ያንኑ ቁጥር ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን ጨምሮ፣ ላዩ ወዴት እንደሆነ ከነቀስቱ በማርከር ይጽፍበት ነበር። በእርሳስ አይጻፍም፤ እርሳስ የነካው አሉሚኒየም ውሎ አድሮ ይበላል። ማርከር አይበላውም፤ አልኮል ሲነካው ግን ወዲያው ይለቃል። ቁጥሮቹን የቡጢ ያህል አድርጎ ስለሚጽፋቸው "የመኪና ታርጋ ነው እንዴ የምትጽፈው?" እያልኩ አሾፍበት ነበር። ያ ሁሉ ቁጥር፣ ክቡር ሆይ፣ ውሃ በላው። ወረቀቶቹ ርሰው ተላጡ። በየመጠናቸው ተለይተው በትናንሽ ከረጢት የተቀመጡት ብሎኖች፣ ዳዶዎች፣ ከዳዶ ሥር የሚገቡት ቀለበቶች ሮንዴላዎችና ላሜራን ከላሜራ የሚሰፉት ሪቬቶች ደግሞ፣ መድኃኒቱ በደንብ ያግኛቸው ተብሎ፣ ሁሉም አንድ ባልዲ ውስጥ ተዘርግፈው ተዘፈዘፉ።

ከሥራ ስንመለስ ሳሎኑ ያብረቀርቃል። አማቴ ፊታቸው በርቶ "አያችሁ፣ ያን ሁሉ ቡራቡሬ ጠርገው አጸዱላችሁ" አሉን። ባለቤቴ አንድ የጎድን አጥንት አነሣ፣ ገለበጠው፣ መልሶ አስቀመጠው። ሌላ አነሣ። እናቱን ምን ይበላቸው? "እሺ እማዬ፣ ጥሩ ነው" አለና ጋራዥ ገብቶ በሩን በላዩ ላይ ዘጋ። እኔም ባልዲው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ሌባ እንኳ ቤት ሲገባ ዕቃ ይወስዳል እንጂ የዕቃውን ስም ወስዶ ዕቃውን ትቶ አይሄድም። የቡድኑን መሪ በማግስቱ ፈልጌ አግኝቼ፣ ላሜራ መሆኑን በእጅህ ስትነካው አላወቅህም ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። "እኛ የታዘዝነው እንድንረጭ እንጂ እንድናውቅ አይደለም" አለኝ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ሹመት ይገባዋል።

አራተኛ፤ ስለ ምክርዎ።

ለአቤቱታዬ የሰጡኝ ምላሽ ሁለት አንቀጽ ነው። በመጀመሪያው "ሁኔታው የተፈጠረ መሆኑን ተገንዝበናል" ይላሉ። ሁኔታው እንዲያው በራሱ ጊዜ ከሰማይ ዱብ ብሎ የተፈጠረ መሆኑን ስለተገነዘቡልን ቀለል ብሎናል። በሁለተኛው ደግሞ የመለያ ቁጥር የሌላቸው ዕቃዎች ያሉበት አውሮፕላን ሊመዘገብ ስለማይችል ሁሉንም ለይተን እንድናቀርብ አዘዙን፤ ለወደፊቱም ጽሑፉ እንዳይጠፋ በእርሳስ እንድንጽፍ፣ ካልሆነም በምስማር ጭረን እንድናስቀር መከሩን። ድንቄም ምክር! ላሜራ ላይ በምስማር የተጫረች ቀጭን መስመር እኮ ከጊዜ በኋላ ስንጥቅ ትሆናለች፤ ስንጥቁም የሚሰፋው ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን አየር ላይ ነው። የሰው ሕይወት ነው በምስማር ጫሩ ያሉን።

እንግዲህ መለየት ጀመርን። ፋብሪካው ለሁለተኛ ጊዜ ዝርዝርና ንድፍ ላከልን፤ ግን ዝርዝር ስምና ቁጥር እንጂ መልክ የለውም። የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶኖችን ከየሱቁ ለምኜ ሰበሰብኩ። መርፌ ሲወድቅብኝ የማነሣበትን ማግኔት ከሱቅ አምጥቼ ባልዲው ውስጥ ስከተው ብረት የሆነው ሁሉ ተንጠለጠለ፣ አሉሚኒየሙ ሥሩ ቀረ፤ ያን ቀን ብቻ ትንሽ ሳቅን። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ዓይን የሚያፈዝ ነው። ሁለት ሮንዴላ አንድ ዓይነት ናቸው ብለው ሲያስቀምጧቸው፣ አንዱ ከሌላው በወረቀት ውፍረት ይበልጣል። ሁለት ብሎን መንታ ናቸው ሲሉ፣ የአንዱ ጫፍ ላይ መቆለፊያ ሽቦ የሚገባባት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር አለች፣ የሌላው ላይ የለችም፤ ያለችበትን የሌለችበት ቦታ ቢያስገቡት ምንም አይደለም፣ የሌለችበትን ያለችበት ቦታ ካስገቡት ግን አንድ ቀን ዳዶው ሰማይ ላይ ተፈትቶ ይሄዳል።

አማቴ የሆነው ነገር ሲገባቸው "እጄ ይሰበር፤ ውሃውን ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ" ብለው አለቀሱ። ተው ቢባሉም እምቢ አሉ። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ትሪ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እህል እንደሚለቅም ሰው ሮንዴላ ሲለቅሙ ይውላሉ። አንዳንዴ የለቀሙትን መልሰው ይደባልቁታል፤ እኛም እንዳላየን ሆነን እንደገና እንለየዋለን። ሳሎናችን እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ፤ እንግዳ ቢመጣ የምናስቀምጥበት ወንበር ስለሌለን ሰውም መምጣት ተወ።

አምስተኛ ብዬ ልጽፈው የነበረው ነገር ቁጥር አይገባውም፤ ስለዚህ ሳይነበብ ቢቀር አልቀየምም።

የግራ ክንፍና የቀኝ ክንፍ የጎድን አጥንቶች እንደ ግራና ቀኝ እጅጌ ናቸው። ለማያውቅ ሰው አንድ ናቸው። ለይተን ጨረስን ብለን፣ አጥንቶቹን በግራው አከርካሪ ላይ በሪቬት መትተን፣ ቆዳውን ስናለብሰው ቀዳዳ ከቀዳዳ አልገጥም አለ። ብንስበው፣ ብንገፋው እምቢ። ኋላ ላይ ሳየው መሐል ላይ ያለው አንዱ አጥንት የቀኙ ክንፍ ነው። የለየው ባለቤቴ ነበር። አንዴ በሪቬት የተመታ አጥንት ሲነቀል ቀዳዳው ይሰፋልና አይሠራም፣ ይጣላል። አልተቆጣሁም፤ እኔም የግራ እጅጌ በቀኝ በኩል ስንት ጊዜ ሰፍቻለሁ። የግራውንና የቀኙን ጎን ለጎን ይዤለት "ይህቺን ቀዳዳ አየሃት? እዚህኛው ላይ ወደ ዳር ገባ ብላለች" አልኩት። "የትኛዋን?" አለኝ። በጣቴ ነካሁለት። ላሜራውን ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ ወደ መስኮቱ አዘነበለው፣ መልሶ አራቀው። ከዚያ ተወውና አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ ቀስ እያደረገ ሄደ፤ ጥፍሩ ቀዳዳዋ ውስጥ ገባ ሲል ቆመ።

ሐኪሙ ደከመ ያለው ግራውን ነበር፤ ቀኙም መከተሉን ለእኔም፣ ለእናቱም፣ ለማንም አልተናገረም። "ቁጥሩን አስፍቼ የምጽፈው እኮ ለዚህ ነበር" አለኝ። በታርጋ ቀልዴ አፈርኩ። ቁጥሮቹ በነበሩ ጊዜ ይህ ሰው አንድ ሪቬት እንኳ አልተሳሳተም፤ ሁሉን ነገር አንብቦ፣ አረጋግጦ፣ በቦታው ያስቀምጥ ነበር። ያን ቀን ሰዎችዎ መድኃኒቱን የረጩት ቆዳና አጥንት ላይ አይደለም፤ ዓይኑ ላይ ነው። ቀኙ ዓይኑ ደህና የነበረባቸውን የመጨረሻ ወራት፣ የዕቃ ስም ስንፈልግ ባልዲ ላይ ተደፍተን ጨረስናቸው። ልንበርባቸው የነበሩ ወራት ናቸው። ይህን ስጽፍ አንጀቴ አሯል፤ ለደብዳቤ ወግ የሚመች ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ፈቃዱን ማንም አልቀማውም። ምርመራውም ገና ነበር። ራሱ ተነሥቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፈቃዱን ሊመልስ ወደ እርስዎ መሥሪያ ቤት ሄደ። ሰው ዓይኔ አያይልኝምና የሌላ ሰው ነፍስ እንዳላጠፋ ፈቃዴን ውሰዱልኝ ብሎ ሲመጣ ያላችሁት ነገር ቢኖር "ፎቶ ኮፒው የታለ?" ነው። ኮፒ አስነሥቶ ተመለሰ። በምትኩ ደረሰኝ ተቆረጠለት። ቤት ሲገባ እናቱ ምን አሉህ ብለው ቢጠይቁት "ደህና አስተናገዱኝ" አላቸው።

ይህ ከሆነ በኋላ እኔ ሥራውን አላቆምኩም። የሚለየውን በዓይኔ እለያለሁ፣ እሱ በእጁ ይዞ ይመታል፤ ጣቱ አሁንም ከእኔ ይሻላል። አጥንቱ ተተካ። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥሩን መልሶ አገኘ። መርማሪዎም መጥተው፣ ጫማቸውን ላለማቆሸሽ ከጋራዡ በር ላይ ሆነው ተመለከቱና "በጥንቃቄ ተመርምሯል" ብለው ፈረሙ። እግዜር ያክብራቸው።

ስድስተኛና የመጨረሻው፤ ስለ ሰዓት አክባሪነትዎ።

ባለቤቴ ፈቃዱን ከመለሰ ከወራት በኋላ፣ የአውሮፕላኗ የምዝገባ ደብዳቤ በክቡር ፊርማዎ ደረሰን። ያን ያህል ጊዜ ስንጠብቀው ኖረን፣ ፈቃዱን ከመመለሱ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ግን በድንጋጤ እንሞት ነበርና ማዘግየትዎ ለጤናችን ታስቦ መሆኑ ገብቶኛል። ደብዳቤው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ይደመደማል፤ "የመጀመሪያው በረራ አውሮፕላኑን በገጣጠመው አብራሪ ብቻ ይከናወናል" ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "መልሰሽ አንብቢልኝ" አለኝ። መልሼ አነበብኩለት። ከዚያ "እማዬን ልያት" ብሎ ተነሥቶ ወጣ፤ እናቱ ግን አጠገቤ ነበሩ።

ስለሆነም፣ ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬን ይቀበሉኝ። ቋንቋችንን ስለጠበቁልን፣ ቤታችንን ስላጠቡልን፣ ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ትሪ ዙሪያ ስላሰባሰቡልን፣ እኔንም ከስፌት ወጥቼ ደብዳቤ ጸሐፊ እንድሆን ስላበቁኝ አመሰግናለሁ። ቅሬታ ያለኝ መስሎ ከታየ ጥፋቱ የእጅ ጽሑፌ ነው።

ወረቀቶችዎ ሁሉ በጠረጴዛዎ ላይ በሰላም እንዲያንቀላፉ፣ ወንበርዎም ሳይነቃነቅ ዘመን እንዲሻገር እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። መጎንበሱን ከመሬት ሪቬት ስለቅም ስለለመድኩት እንደ ትልቅ ነገር አይቁጠሩልኝ።

የክቡርነትዎ ትሑትና የሰለቸች አመልካች፤
ልብስ ሰፊዋ

ሳልረሳው፦ የምዝገባ ደብዳቤው ላይ አንዲት እርማት እፈልጋለሁ። "በገጣጠመው አብራሪ" በሚለው ውስጥ፣ ከ"መ" ቀጥላ አንዲት "ች" ትግባልኝ፤ "በገጣጠመችው አብራሪ" ተብሎ እንዲነበብ። ሌላው ፊደል ሁሉ ባለበት ይቆይ። ከገጣጣሚዎቹ አንዷ መሆኔን የሚገልጹ ቅጾች ከነፊርማዬ በእርስዎው መዝገብ ቤት አሉ። የበረራ ትምህርት ቤት ተመዝግቤአለሁ፤ ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኖቼን አይቶ ምንም አላገኘባቸውም። ለአንዲት ፊደል፣ ትምህርቴን እስክጨርስ ድረስ ጊዜ ሰጥቼዎታለሁ፤ ካነሰዎት ቀስ ብዬ እማራለሁ። ባለቤቴ ሁለተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ከታች ያለውን እኔ እያየሁ እነግረዋለሁ። ከመሥሪያ ቤትዎ በላይ ስንደርስ "አሁንስ ምን ይታይሻል?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እስከዚያው እባክዎ የሚታይ ነገር ሠርተው ይቆዩኝ፤ ዓይኑ የማያይለትን ሰው መዋሸት አልችልበትም።